ማሰሮዬን ማን ወሰደብኝ?

የተከበራችሁ መምህራን፣ ወላጆች፣ የዛሬ ተመራቂዎች፤ እንኳን ደስ ያላችሁ!

«የተፈጥሮ አደጋ በልቦለድ፣ በፊልምና በቴሌቪዥን» ላይ አስር ደቂቃ ተናገር ተብያለሁ። የሆሊዉድን ጎርፍና ርዕደ መሬት የጠበቃችሁ ካላችሁ ይቅርታ። ሕንፃ ሲደረመስ ማየት እኔም እወዳለሁ፤ ፈንዲሻዬን ይዤ ነው የማየው። የመጣሁት ግን ለሌላ ጉዳይ ነው። መምህራኑ ታውቁታላችሁ፤ ስነዘንዛችሁ ኖሬያለሁ።

ዕድሜዬን የጨረስኩት ሄድፎን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ነው። የድምፅ ሰው ነኝ።

ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የኮረም ረሃብ በቢቢሲ ታየ። ኬንያዊው መሐመድ አሚን ቀረጸው፣ ማይክል በርክ ተረከው። ዓለም አለቀሰ። እህል መጣ፣ ሰው ዳነ፤ ይህን አልክድም። «ገና መድረሱን ያውቁ ይሆን?» የሚል ዘፈንም ተዘፈነልን። ለላሊበላ ጎረቤቶች!

አክስቴን እቴቴ ነው የምንላት። ያኔ ኮረም መጠለያ ነበረች። ከዓመታት በኋላ ስለዚያ ዘመን የተሠራ ዘጋቢ ፊልም ቤቴ እያየሁ ድንገት ገባች። ደንግጬ ላጠፋው ስል «ተወው» አለችኝ። ቡናዋን ይዛ ተቀመጠች። አንዲት ሴትዮ እጇን እያወናጨፈች ትናገራለች። ከላይዋ ላይ በእንግሊዝኛ ስለ ተስፋ መቁረጥ ይተረካል። እቴቴ «ይሄን ሰውዬ እስቲ ዝም አሰኘው» አለች። አይቻልም፤ ሁለቱም ድምፅ አንድ ላይ ተደባልቋል። ሄድፎኔን አጠለቅኩላት። መለስኩት። ደግሜ መለስኩት። በሦስተኛው ሳቋ መጣ።

«ማሰሮዬን ማን ወሰደብኝ ነው እኮ የምትለው! ጎረቤቷን እየተጣላች ነው!»

ከዚያማ ማን ያስቁማት። የመጠለያውን የማሰሮ ጠብ፣ የወረፋውን ግፊያ፣ ማታ ማታ ተረት የሚያወሩትን ሽማግሌ ስታወራ መሸ። ቡናው ቀዘቀዘ። በመጨረሻ ዞር ብላ «ማሰሮ የምትፈልግ ሴት ናት ተስፋ የቆረጠችው?» አለችኝ።

እስቲ ንገሩኝ፤ ያቺን ሴት ዓለም ሁሉ ሲያያት ማን ሰማት? ፈረንጅ ብቻ አይደለም ጥፋተኛው። በ1966 የወሎን ረሃብ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ቀረጸው። ደርግ ፊልሙን ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር ቀጣጥሎ በ1967 የዘመን መለወጫ ማታ አሳየን። በማግስቱ ንጉሡ ወረዱ። ገበሬው ያኔም ምስል እንጂ ድምፅ አልነበረም። ያው ደርግ በመስከረም 1977 ራሱ አሥረኛ ዓመቱን ሲያከብር፣ ወሎ እንደገና እየተራበ ነበር። እኔስ? «የገበሬውን ድምፅ ዝቅ፣ ትረካውን ከፍ አድርግ» ስባል ስንቴ እሺ ብያለሁ! በዚህችው ጣቴ።

ሐምሌ 2016 ጎፋ ላይ መሬት ተንዶ ሰው ተቀበረ። ሊያወጡ የሮጡትንም ሁለተኛው ናዳ ደፈናቸው። ስልኬ ላይ በደረሰኝ ቪዲዮ ላይ አንዱ ዋሽንት ጨምሮበታል። ዋሽንት ምን ያደርጋል? የአካፋው ድምፅ አይበቃም?

ስለ ልቦለድ የጻፍኩት ሁለት ገጽ ነበር፤ ይቅር፣ ሰዓቱ ሄዷል።

የዚያችን የማሰሮዋን ሴት አርባ ሰከንድ ይዤው መጥቻለሁ። መብራቱን አታጥፉ፣ ምስል የለውም። ድምፁን ብቻ ከፍ አድርጉልኝ።