ልጆቻችንን ለምን እናቀላለን? (በወላጆች ቀን የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ ወላጆች፣ ባልደረቦቼ፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን አረፈዳችሁ!

ስለ ሳይንስ ትምህርታችን እንድናገር ነው የተጋበዝኩት። ግን ሆዴ ውስጥ የከረመ ነገር አለ። ዛሬ እናንተ ፊት ካልተናገርኩት የት ልናገረው?

ባለፈው ጥር አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ተዳረች። ጠይም፣ የደስ ደስ ያላት ልጅ ናት። አክስቶቿ «ሙሽራ ቀላ ስትል ነው የሚያምርባት» ብለው ከገበያ ክሬም ገዙላት። ምን እንዳለበት ሻጩ አልነገራቸውም፤ እነሱም አልጠየቁም። መጀመሪያ ፊቷ ቀላ። ሰፈሩ ሁሉ አደነቀ። ከዚያ ቆዳዋ ሳሳ። የደም ሥሮቿ ጉንጯ ላይ ወጡ። ፀሐይ ሲነካት ይለበልባት ጀመር። በሠርጓ ቀን ሰው ደጅ ሲጨፍር እሷ ተከናንባ ቤት ዋለች። እኔም እዚያ ነበርኩ፤ ምግቡ አልዋጥልህ አለኝ።

ምንድን ነው የወሰዱባት? ቆዳችን ውስጥ ሜላኖሳይት የሚባሉ ሴሎች አሉ። ሜላኒን የተባለውን ቀለም ይሠሩና በጥቃቅን ከረጢቶች ለጎረቤት ሴሎች ያድላሉ። የተቀበለው ሴል ቀለሙን ከኒውክለሱ፣ ማለትም ከሴሉ እምብርት፣ በላይ፣ ፀሐይ በሚመጣበት በኩል ይደረድረዋል። የሴሉ መመሪያ የሆነው ዲኤንኤው ያለው እዚያ ነዋ! ቡናውን በዋንዛ ጥላ የሚያሳድግ የጅማ ሰው ይህ አይጠፋውም። አልትራቫዮሌት ጨረር ዲኤንኤው ላይ ካረፈ ጎን ለጎን ያሉ ክፍሎቹን ያጣብቃል። ሴሉ በትክክል ካልጠገነው ለካንሰር በር ይከፈታል። ሜላኒን ጨረሩን ቀድሞ ውጦ ወደ ሙቀት ይቀይረዋል።

እኛ ደግሞ ከምድር ወገብ ብዙም ሳንርቅ፣ ከ1,700 ሜትር ከፍታ በላይ ነው የምንኖረው። በየ1,000 ሜትሩ ጨረሩ 10 በመቶ ያህል ይበረታል። ታዲያ እዚህ ቁጭ ብለን መከላከያችንን በገዛ ገንዘባችን እንፋቅ? በእነዚህ ክሬሞች ውስጥ ምን ይገኛል? ሃይድሮኪኖን የተባለው ኬሚካል ሜላኒን እንዳይሠራ ያግዳል። ክሎቤታሶል የተባለው ኃይለኛ የስቴሮይድ መድኃኒት ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሲቀባ ቆዳ ያሳሳል። ሜርኩሪ ኩላሊት ይጎዳል። ይህን ለልጅ ሸጦ «ነግጄ አደርኩ» ማለት እንዴት ይቻላል? የምትሸጡ እዚህ ካላችሁ፣ ዛሬውኑ ከመደርደሪያችሁ አውርዱት!

አልቢኒዝም ስላለባቸው ልጆቻችንም አደራ እላለሁ። ሜላኒናቸው በጣም ጥቂት ነው። ኮፍያና ረጅም እጅጌ በዩኒፎርም ሰበብ አይከልከሉ።

ክሬሙን ስትቀቡ የከረማችሁ ደግሞ በድንገት ከማቆማችሁ በፊት የቆዳ ሐኪም አማክሩ። መሄድ የከበዳችሁ ካላችሁ አብሬያችሁ እሄዳለሁ። አመሰግናለሁ።