«ከውጭ ይገዛ»፦ በግል ጤና ተቋማት ባለቤቶች ማኅበር ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ የተከበራችሁ እንግዶች፤

እንኳን በሰላም መጣችሁ። የሥራ ክንውንና የኦዲት ሪፖርቱ በእጃችሁ ስላለ አልደግመውም። ዛሬ የማወራው ስለ አንዲት ብጣሽ ወረቀት ነው።

ባለፈው ጥር፣ በገበያ ቀን፣ አንድ አዛውንት መድኃኒት ቤቴ ገቡ። ከጋቢያቸው ሥር በፌስታል የተጠቀለለ የጤና መድህን ደብተር አወጡና ከማዘዣው ጋር ባንኮኒው ላይ ዘረጉልኝ። የደም ግፊት መድኃኒት ነው። ጤና ጣቢያው ስላለቀበት «ከውጭ ይገዛ» ብሎ ልኳቸዋል። ዋጋውን ነገርኳቸው። «ልጄ፣ ከፍያለሁ እኮ» አሉና የዓመቱ መዋጮ የተመዘገበበትን ገጽ ገልጠው አሳዩኝ። እውነታቸውን ነው፤ ከፍለዋል። የከፈሉት ግን እኔ ደጃፍ ላይ አይሠራም። የወሩን ትተው የአሥር ቀኑን ገዝተው ሄዱ።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ መድኃኒት ቤት ያለው ሁሉ እኚህን አባት ያውቃቸዋል።

ማህበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር ብዙዎቻችን «የት ይደርሳል» ብለን ነበር። ደረሰ። የደረሰው ግን እስከ መንግሥት ጤና ተቋማት በር ነው። በአገራችን ለጤና ከሚወጣው ገንዘብ ሲሶ ያህሉ ዛሬም በቀጥታ ከሰው ኪስ ይወጣል፤ ከዚያ ውስጥ የኛ ባንኮኒ ድርሻ ቀላል አይደለም።

የመንግሥትና የግል አጋርነት አዋጅ ቁጥር 1076/2010 ከወጣ ወዲህ አብዝተን የሰማነው ስለ ኃይል ማመንጫና ስለ ክፍያ መንገድ ነው። በጤናው መስክ አጋርነት ሲባልም የብዙዎቻችን ሐሳብ ወደ ትልልቅ ሆስፒታል ይሮጣል። እኔ ወደ ሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ብንመለከት ይሻለኛል። መንግሥት መድኃኒቱን በነጻ ያቀርባል፣ ባለሙያ ያሠለጥናል፣ ይቆጣጠራል፤ ወደ ሥራው የገቡ የግል ክሊኒኮች ደግሞ ሕመምተኛውን መርምረው፣ መዝግበው፣ ለወራት ይከታተላሉ። መድኃኒቱ አይሸጥም። በዚህ ሥራ የከሰረ ክሊኒክ እስካሁን አልገጠመኝም።

ለመድህኑ አባላትስ ይህን ማድረግ ለምን አቃተን? መድህኑን የሚያስተዳድሩት ሰዎች «የግሉ ዘርፍ ማዘዣ ያበዛል፣ ዋጋ ይቆልላል» ብለው ይሰጋሉ። ስጋታቸው ከሜዳ የመጣ ነው ብዬ አልከራከርም፤ አንዱን መድኃኒት በአንድ መንገድ ላይ በሦስት ዋጋ የምንሸጥ እኛው ነን። የኛም ስጋት እውነት ነው። የሰጠነው መድኃኒት ሒሳብ ግማሽ ዓመት ቢጓተት አከፋፋዩ አይታገሠንም።

ስለዚህ ቦርዱ ረቂቅ ውል አዘጋጅቷል። የሚሸፍነው ጥቂት መድኃኒቶችን ብቻ ነው፤ የግፊት፣ የስኳር፣ የአስምና የሚጥል በሽታ። ዋጋው አስቀድሞ ተስማምተንበት ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ማዘዣዎቻችን በየወሩ ይመረመራሉ፤ ክፍያው በ30 ቀን ይፈጸማል። ዋጋ መለጠፉ ያልተዋጠላችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ሁለታችሁ ትናንት ማታ ደውላችሁልኛል። የውጭ ምንዛሪና የግብር ጥያቄያችንም አልተረሳም፤ ዘንድሮ ግን ሁለተኛ አጀንዳ ነው።

ረቂቁ ከሻይ ዕረፍት በኋላ ይታደላል። አንቀጽ 4ን፣ የዋጋውን ማለቴ ነው፣ ደጋግማችሁ አንብባችሁ ለክርክር ተዘጋጁ።

ጉባኤው ተከፍቷል።