ሃሌ ሉያውን ማን ቆረጠብን?

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ የሰፈሬ ልጆች፤ እንኳን በደህና ተገናኘን።

አዘጋጆቹ «ስለ ቪዲዮ ቤታችን ትዝታ ተናገር» ብለውኛል። እኔ ግን ከትዝታው ሁሉ አንድ መዝሙር ይዤ መጥቻለሁ።

ከደሴ ፒያሳ ቁልቁል ስንወርድ የነበረችውን ቪዲዮ ቤት የማያስታውስ እዚህ የለም። በሩ ላይ የተንጠለጠለ ብርድ ልብስ፣ ውስጡ አግዳሚ፣ ጥግ ላይ አንዲት ቴሌቪዥን። የጦሳ ተራራ ብርድ በቆርቆሮው ስንጥቅ እየገባ፣ እኛ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተን የእንግሊዞቹን አስቂኝ ሰውዬ ሚስተር ቢንን እናያለን። ሰውዬው በብርሃን መሀል ከላይ ዱብ ሲል መዘምራን በላቲን ያዜማሉ። እኛ ቅዳሴ መስሎን ዝም እንል ነበር። ቃሉ «ባቄላ የሆነውን ሰው እነሆ» ማለት እንደሆነ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው፤ «ቢን» በእንግሊዝኛ ባቄላ ነዋ! ዜማውን የደረሰው ሃዋርድ ጉዳል ነው፤ የዘመሩት የለንደኑ ሳውዝዋርክ ካቴድራል መዘምራን ናቸው። ስለ ባቄላ ሲዘምሩ እንኳ ድምፃቸውን አላቀለሉም!

የቤተ ክርስቲያኑን ክፍልስ? እንደ ፈረንጆቹ በ1990 የታየው የመጀመሪያው ክፍል ነው። ምእመናኑ ቆመው ይዘምራሉ። ሚስተር ቢን ቃሉን አያውቀውም፤ ያጉተመትማል፣ አፉን ያንቀሳቅሳል። ሃሌ ሉያ ላይ ሲደርሱ ግን ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ይለቀዋል። መዝሙሩ ጣሊያናዊው ቅዱስ፣ የአሲሲው ፍራንሲስ ፀሐይን ወንድሜ፣ ጨረቃን እህቴ እያለ ፈጣሪን ካመሰገነበት ግጥም የመጣ ነው።

በመንዙማ ያደገው ጓደኛችን ዜማውን ከሁላችን ቀድሞ ያዘው። እጁን እያጨበጨበ አስጀመረን፤ ቤቱ በሙሉ ተቀበለ። የቤቱ ባለቤት ጋሼ ካሴቱን ሦስቴ መለሱልን። ከዚያ ቆጣ ብለው «ሳቁ፤ ግን አትናቁት። የጠፋው ቃሉ ነው፤ ልቡ አለ» አሉን። ማታ እየዘመርን ወደ ቤት ስንገባ እናቴ በር ላይ ቆማ ሰማችን። የምትቆጣ መስሎኝ ነበር። «እንዲህ አትጩኹበት» ብላ ነጠላዋን አስተካከለችና የያሬድን ሃሌ ሉያ በቀስታ አዜመችልን። ያን ምሽት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ታዲያ በቅርቡ እዚሁ ከተማችን ለልጆች ሲያሳዩ ምን አየሁ? ያ ክፍል ሲደርስ መዝሙሩን ቆርጠው ዳንኪራ ለጥፈውበታል። ብጠይቅ «በሃይማኖት እንዳይሳቅ ነው» አሉኝ።

እኔ ልጠይቃችሁ! መዝሙሩን ያዋረደው ማን ነው? ቃሉ ጠፍቶት በሙሉ ልቡ ሃሌ ሉያ ያለው ሰውዬ ነው? ወይስ ዜማውን አውጥቶ የጣለው? ከምእመናኑ አንድም ሰው አልሳቀም። ዜማውም ከመስመሩ አልወጣም። ዜማው ሲወጣ ሳቁም አብሮ ወጣ፤ ልጆቹ አንዳቸውም አልሳቁም፣ ዓይኔ አይቷል! ባቲንና አምባሰልን ለዓለም የሰጠ የወሎ ሰው ዜማ ሲቆረጥ ዝም ይላል? አይልም!

የገናው ክፍልም ላይ የነሐስ ባንድ አለ፤ እሱን ሌላ ቀን እንጫወተዋለን። ልጆቻችሁ በስልክ ሲያዩ ድምፁ ያልተነካውን ፈልጉላቸው።

ጋሼ በሕይወት ሳሉ የሰጡኝ ካሴት ይኸው በእጄ ነው። ማጫወቻውን ከኮምቦልቻ ያመጣው ወንድማችን እግዜር ይስጠው። መብራቱን አጥፉልኝ፣ ድምፁን ጨምሩት። ሃሌ ሉያ ላይ ስንደርስ ሁላችሁም ተቀበሉኝ።