ሠዓሊው ጥግ ላይ ያስቀመጠውን ገጣሚው የት ያስቀምጠዋል?

የተከበራችሁ የግጥምና የሥዕል ወዳጆች፣

ሥዕል አይቶ ግጥም የሚጽፍ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቀው ያየውን ሲዘረዝር ነው። ባሕሩን፣ መርከቡን፣ ቀይ የለበሰውን ገበሬ ሥዕሉ ራሱ ከእኛ አብልጦ ያሳያል። መውሰድ ያለብን አደራደሩን ነው፤ ዓይን ከየት ተነሥቶ የት ይዘገያል፣ ማብቂያው ላይስ ምን ያገኛል?

ብራስልስ ያለውን፣ «የኢካሩስ ውድቀት» የሚባለውን ሥዕል እንይ፤ ኢካሩስ በግሪክ ተረት በሰም በተጣበቀ ክንፍ ሲበር ፀሐይ ሰሙን አቅልጣበት ባሕር ውስጥ የወደቀው ወጣት ነው። ለረጅም ዘመን የ16ኛው ክፍለ ዘመን ፍላንደርሳዊ ሠዓሊ የፒተር ብሩግል ሥራ ሲባል ኖሮ፣ ዛሬ ብዙ ባለሙያዎች ከእሱ ሥራ የተቀዳ ነው የሚሉት ሥዕል ነው። ፊት ለፊት ገበሬ ያርሳል፤ ዝቅ ብሎ እረኛ በትሩን ተደግፎ ሽቅብ ያያል። ባለታሪኩ ኢካሩስ ግን በቀኝ ታችኛው ጥግ፣ ከውኃ በላይ የሚወራጩ እግሮች ብቻ ናቸው። አሜሪካዊው ገጣሚ ዊሊያም ካርሎስ ዊሊያምስ ይህን በ7 አንጓ ጻፈው፤ እያንዳንዱ አንጓ 3 አጫጭር ስንኝ አለው። ሥርዓተ ነጥብ የሚባል የለም፤ አንባቢ ማረፊያ አጥቶ ከእርሻው ወደ ባሕሩ ይንሸራተታል። መስጠሙ የሚነገረው በ21ኛው፣ በመጨረሻው ስንኝ ነው። የሥዕሉ ጥግ የግጥሙ ግርጌ ሆነ ማለት ነው። በራሳችሁ ረቂቅ ላይ ሁለት ስንኝ አቀያይሩና አንብቡት፤ ምንም ካልተጓደለ ገና ዝርዝር ነው።

ይኸው ገጣሚ የብሩግልን የገበሬዎች ጭፈራ ሲጽፍ ግን ሌላ መላ መታ። ግጥሙ 12 ስንኝ ነው፤ የጀመረበት ስንኝ መዝጊያውም ነው፤ ክቡ ገጠመ። በመካከሉ ስንኞቹ ሐሳብ ሳይዘጉ እንደ «እና» ባለ መስተጻምር ላይ ይቆረጣሉ፤ እንዲያውም አንድ ጥምር ቃል በሰረዝ ተሰብሮ ግማሹ ወደ ቀጣዩ ስንኝ ይወርዳል። ጨፋሪው ሚዛኑን ሲስት አንባቢውም አብሮ ይንገዳገዳል።

በአማርኛ ይህ ያስቸግራል። ግሳችን መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ስንኙ በግስ ባለቀ ቁጥር ጭፈራው ቀጥ ይላል፤ ቤት መምታቱ ደግሞ ይብሱን ያቆመዋል። መፍትሔው ግሱን ወደ ሦስተኛው ወይም ወደ አራተኛው ስንኝ መግፋት፣ ስንኙንም ስሙን ገና በሚጠብቅ ቅጽል ላይ መቁረጥ ነው።

የወል ቤት የምንለው የግጥም ምጣኔያችን፣ ስንኙ እያንዳንዳቸው 6 ቀለም (ማለትም 6 የድምፅ ክፍል) ባላቸው ሁለት ሐረጎች የተሠራ ስለሆነ፣ እንደ እኔ እምነት የሚስማማው ለቤተ ክርስቲያን ሥዕል ነው። በልማዱ ጻድቃን ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ይሣላሉ፤ ሁለቱ እኩል ሐረጎች ይህን ይሸከማሉ። ክፉዎቹ በጎን፣ በአንድ ዓይን ነው የሚታዩት። እነሱ ጋ ስትደርሱ ሁለተኛውን ሐረግ ተዉት፤ ጆሮ የጎደለውን 6 ቀለም ወዲያው ይፈልገዋል።