ኤንትሬ በሰርዲን ቆርቆሮ

የደሴዋ፦ እሺ፣ ጀመርን። ዛሬ የምንቀዳው ደሴ ስለሆነ እንግዳው አንተ ነህ። ጃኬት ይዘሃል አይደል?

የኮምቦልቻው፦ ሁለት። የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ጉሙ ውስጥ ስገባ ሁለተኛውን ደረብኩ። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው እኮ፣ ብርዱ ግን የሌላ አገር ነው።

የደሴዋ፦ ርዕሳችን የልጆች ጨዋታ ነው። ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ መጥቶ “ሰለቸኝ” አለኝ። 6 ዓመቱ ነው። አልጋው ሥር አንድ ካርቶን ሙሉ መኪና አለው።

የኮምቦልቻው፦ የ6 ዓመት ልጅ “ሰለቸኝ” ይላል?

የደሴዋ፦ “ደበረኝ” ነው ያለው። ላሳምርለት ብዬ ነው።

የኮምቦልቻው፦ (ሳቅ) እኔ አንድ መኪና ነበረኝ። እሱንም ለመሥራት ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል። ታውቂያለሽ፣ ኮምቦልቻ የሹፌር ከተማ ነው። አሰብ የሚወርደው፣ ከአሰብ የሚወጣው፣ በባቲ በሚሌ አድርጎ በእኛ በር ያልፍ ነበር። እኛ አስፋልት ዳር ቁጭ ብለን እንቆጥራለን። ኤንትሬ ከነተሳቢው ሲመጣ ሳናየው በድምፁ እናውቀዋለን።

የደሴዋ፦ ኤንትሬ የፊያት ካሚዮን ነው አይደል?

የኮምቦልቻው፦ ፊያት 682 ኤን 3። ሦስቱን በጣልያንኛ “ትሬ” ብለው ጠሩት፣ በዚያው ቀረ። የእኔ ኤንትሬ የሽቦ ነበር። ጎማው ከአሮጌ ነጠላ ጫማ ሶል የተቆረጠ። ተሳቢው የሰርዲን ቆርቆሮ። መሪው እስከ ደረቴ የሚደርስ ረጅም ሽቦ ነው፤ ቆመሽ እየሮጥሽ ትነጂዋለሽ። ማርሹን በአፍሽ ትቀይሪያለሽ። ዳገት ላይ ሞተሩ ያቃስታል፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ትስስስ ይላል። ሁሉም በአፍ።

የደሴዋ፦ ሽቦው ከየት ይመጣል?

የኮምቦልቻው፦ ከጎረቤት አጥር። ይቅር ይበሉኝ።

የደሴዋ፦ ሠርተህ ስትጨርስስ?

የኮምቦልቻው፦ ሁለት ቀን እነዳዋለሁ። ከዚያ አፈርሰዋለሁ። ሌላ ሞዴል ልሠራ። ያኔ አልገባኝም እንጂ ጨዋታው መሥራቱ ነበር።

የደሴዋ፦ 100 ዓመት ወደኋላ ብትሄድ ግን የሽቦ መኪናም የለም። አይቶ የሚቀዳው መኪና ከየት ይምጣ? በ1918 ዓ.ም. ደሴ ላይ ልጅ ብትሆን ዘንግ እግርህ መሀል አስገብተህ ፈረስ ትጋልባለህ። ለገና ደግሞ ቆልመም ያለ እንጨት ፈልገህ ሩር ትለጋለህ። “በገና ጨዋታ አይቆጣም ጌታ።” ጣልያን በ1928 ዓ.ም. ደሴ ገባ፣ መንገዱን ሠራ፣ ካሚዮኑ በዛ። ልጁም ከፈረሱ ወርዶ መሪ ያዘ።

የኮምቦልቻው፦ ጎማ የሚለው ቃል ራሱ ከጣልያን ነው የመጣው።

የደሴዋ፦ ልጅ ደጁ ላይ ያየውን ነው የሚጫወተው። ከ2014ቱ ጦርነት በኋላ ሰፈራችን ያሉ ልጆች ገመድ ወጥረው ኬላ ሲጫወቱ አየሁ። “መታወቂያ!” አሉኝ። ሳቅኩኝ። ትንሽ ራቅ ስል ሳቄ ጠፋ።

የኮምቦልቻው፦ እኛም ሰፈር ነበረ። … የሴቶቹን አልነገርሽኝም።

የደሴዋ፦ የሴቶቹ ጊዜ አጭር ነው። እናቴ ሰኞ ማክሰኞ የዘለለችው ታናሽ ወንድሟን አዝላ ነው። ሲያለቅስ ጨዋታው ይቆማል። አሻንጉሊቷ የበቆሎ ቆረቆንዳ ነበረች፤ ፀጉሯም የእሸቱ ፀጉር። እሸት ሲደርስ ትወለዳለች፣ ሲያልፍ ትደርቃለች። አሜሪካኖቹ ባርቢን ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1959 ነው፤ እናቴ ያኔ ቆረቆንዳዋን ጨርቅ እያለበሰች እቃቃ ትጫወት ነበር።

የኮምቦልቻው፦ መሥራቱን ራሱን ደግሞ ዴንማርኮች ሸጡት። ሌጎ ጡቡን እ.ኤ.አ. በ1958 ፓተንት አስደረገ። ምነው የእኛን የሽቦ መኪና ያኔ ፓተንት የሚያስደርግ ቢኖር!

የደሴዋ፦ በጎረቤት አጥር?

የኮምቦልቻው፦ (ሳቅ) አንድ ነገር ግን ልበል። “ድሮ ቀረ” የሚሉትን ነገር አልወድም። ይኸው፣ ይህ ጠባሳ የዚያ ሰርዲን ቆርቆሮ ነው። ወንጭፉም ስንቱን ፈንክቷል። ኳሳችንም ካልሲ ውስጥ የታጨቀ ጨርቅ ነበር። ጎረቤታችን ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ይሠሩ ስለነበር ቁርጥራጭ አይጠፋም። ዝናብ ሲነካው ግን እንደ ድንጋይ ይከብዳል። በቴስታ የመታው ይፀፀታል።

የደሴዋ፦ እኔን የሚያንገበግበኝ መሬቱ ነው። ብይ ጉድጓድ ይፈልጋል። ኮብልስቶን ላይ በምን ትቆፍራለህ? ሰኞ ማክሰኞም አፈር ላይ በእንጨት ጫር ጫር ተደርጎ ነው የሚሰመር። ሰው ሁሉ ስልኩን ይረግማል። ስልኩ ሳይመጣ ግን የእኛን መንገድ ባጃጅ ወስዶታል።

የኮምቦልቻው፦ የደሴን የሐምሌ ጭቃ ረሳሽው?

የደሴዋ፦ አልረሳሁም። ኮብልስቶኑ ይነሳ አላልኩም። ብዩ ቀረ ነው ያልኩት።

የኮምቦልቻው፦ ብይ ሲቀር እኛ ጆተኒ ያዝን፣ ከዚያ ፕሌይስቴሽን ቤት። ተሸናፊ ይከፍላል። ስንት የደብተር ብር እንደገባበት እናቴ እንዳትሰማ።

የደሴዋ፦ አሁን ደግሞ ባትሪ። የእህቴን ልጅ መኪናዎች አየኋቸው። ራሳቸው ይሄዳሉ፣ ራሳቸው ይጮኻሉ፣ መብራታቸውም ራሱ ይበራል። ልጁ ምን ይሥራ?

የኮምቦልቻው፦ ማርሹን እንኳ አልተዉለትም።

የደሴዋ፦ ቅዳሜ ግን አንዱ ተበላሸ። ቢላዬን ሰርቆ ፈታታው። ሞተሩን አወጣና ጫፉ ላይ ቆርኪ ሰካበት። ሲዞር ጣቱን ይነካካበታል። ምሳ አልበላም አለኝ። “ደበረኝ” የለ፣ ምን የለ።

የኮምቦልቻው፦ ሌላውንም ስበሪለት!

የደሴዋ፦ እናቱ ታባርረኛለች። በል፣ ሳንዘጋ አንድ ነገር። ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሳይመጣ፣ አባባ ተስፋዬም በስክሪን ተረት ሳይነግሩን፣ ማታ ማታ ምድጃ ዳር እንቆቅልሽ ነበር። ሳንቲም አይጠይቅ፣ ባትሪ አይጠይቅ። እንቆቅልህ!

የኮምቦልቻው፦ ምን አውቅልሽ!

የደሴዋ፦ ሲሄድ ውሎ፣ ሲሄድ ቢያድር የማይደክመው?

የኮምቦልቻው፦ … የባጃጅ ሹፌር?

የደሴዋ፦ አገር ስጠኝ!

የኮምቦልቻው፦ ቆይ ቆይ … እሺ፣ ደሴን ውሰጂ።

የደሴዋ፦ ደሴማ የራሴ ናት። የራስህን ስጥ።

የኮምቦልቻው፦ በቃ፣ ኮምቦልቻን ውሰጂ። ወላሂ፣ ሙቀቱን አትችይውም።

የደሴዋ፦ መልሱ ውሃ ነው። ቦርከና ዳር ያደገ ሰው ይህ ይጠፋዋል?