ባሕሩን ማን አጠገበው? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ስለ ባሕር ዳርቻ ፋይቶፕላንክተን ካወራን ወዲህ ስልኩ አላረፈም። ከደረሱን ጥያቄዎች ስድስቱን መርጬ እነሆ መልሱን። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በጋ ስልም ሙቀት የሚበረታበትን የእነዚያን አገሮች ወቅት ማለቴ ነው።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ማዳበሪያ መሬት ላይ ሰብል ያሳድጋል። ባሕር ሲገባ ታዲያ ምን ክፋት አለው? ዓሣው አይጠግብም?

መልስ፦ ጥቂት ሲሆን ይጠግባል፣ እውነትዎን ነው። ፋይቶፕላንክተን በውሃ የሚንሳፈፉ፣ አብዛኞቹ በዓይን የማይታዩ፣ እንደ ቅጠል በፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን የሚሠሩ ሕዋሳት ናቸው። የፔሩ ባሕር በዓሣ የታወቀው ከጥልቁ የሚወጣው ንጥረ ምግብ እነሱን ስለሚቀልብ ነው።

ጣጣው ያለው ፍጥነቱ ላይ ነው። ሁኔታው ሲመቸው አንድ ሕዋስ በቀን አንዴ ለሁለት ሊከፈል ይችላል። በ10 ቀን አንዱ ከ1,000 በላይ ሆነ ማለት ነው፣ የሚበላው ካልመጣ። የሚበሉት ጥቃቅን እንስሳት ደግሞ ወልደው ለማሳደግ ሳምንታት ይፈጅባቸዋል። ድግሱ ተደግሶ እንግዳው ገና መንገድ ላይ ነው። ያልተበላው ሞቶ ወደ ታች ይሰምጣል።

ጥያቄ፦ ከማዳበሪያው ንጥረ ምግቦች ጥፋተኛው ናይትሮጅን ነው ወይስ ፎስፈረስ?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ባለሙያዎችም ለአሥርተ ዓመታት ተጨቃጭቀውበታል። አልፍሬድ ሬድፊልድ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1930ዎቹ አንድ ነገር አስተዋለ። የፕላንክተን ሰውነትና የባሕሩ ውሃ ንጥረ ነገሮችን ተቀራራቢ በሆነ ምጣኔ ይዘዋል። በኋላ ተጣርቶ የጸናው ቁጥር ለ1 ፎስፈረስ 16 ናይትሮጅንና 106 ካርቦን ነው፣ በአተም ሲቆጠር። ከእነዚህ ቀድሞ ያለቀው እድገቱን ያቆመዋል። በባሕር ዳርቻ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያልቀው ናይትሮጅን ነው፣ በሐይቅ ደግሞ ፎስፈረስ። ግን በዚህ ላይ አይማሉ፤ በአንድ የወንዝ አፍ በፀደይ ፎስፈረስ፣ በበጋ ናይትሮጅን የሚያጥርበት ጊዜ አለ። በባልቲክ ባሕር ደግሞ ናይትሮጅንን ከአየር የሚወስዱ ሳያኖባክቴሪያዎች (እነሱም በብርሃን ምግባቸውን የሚሠሩ ባክቴሪያዎች ናቸው) ስላሉ፣ ናይትሮጅኑን ብቻ መቀነስ ለእነሱ ሜዳውን መልቀቅ ይሆናል።

ሰው የሚረሳው ሌላውን ንጥረ ምግብ ነው፤ ሲሊካን፣ አሸዋ በአብዛኛው የተሠራበትን ማዕድን። ዳያቶም የሚባሉት የፋይቶፕላንክተን ዓይነቶች፣ ለብዙ የባሕር እንስሳት ጥሩ ምግብ የሆኑት፣ ቅርፊታቸውን የሚሠሩት ከእሱ ነው። ሲሊካ የሚመጣው ከሚፈራርስ ዐለት እንጂ ከማዳበሪያ ከረጢት አይደለም። ግድብ ሲሠራ ደግሞ ከፊሉ እዚያው ይቀራል። እናም ናይትሮጅንና ፎስፈረስ እየጨመሩ ሲሊካው ባለበት ሲቆም፣ ዳያቶሞቹ ቶሎ ይጨርሱና ያቆማሉ። የተረፈውን የሚወስዱት ሲሊካ የማያስፈልጋቸው ሌሎች ዝርያዎች ናቸው። ስለዚህ እኔ «ስንት በቀለ?» ከማለቴ በፊት «ማን በቀለ?» እላለሁ።

ጥያቄ፦ አንዱ ባሕረ ሰላጤ ፍሳሽ ገብቶበት ይበላሻል፣ ሌላው ምንም አይሆንም። ለምን?

መልስ፦ ከሁሉ የወደድኩት ጥያቄ። የሳንፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤን እንውሰድ። ከከተሞች ፍሳሽ የሚገባው ናይትሮጅን ብዙ ነው፣ ሌሎች ሰላጤዎችን ካመሰው ቢበልጥ እንጂ አያንስም። ሆኖም ለአሥርተ ዓመታት ውሃው ያን ያህል አልተረበሸም። አንደኛ፣ ውሃው ደለላም ነው፤ ብርሃን ወደ ታች አይዘልቅም። ምግቡ ሞልቷል፣ መብራቱ ግን ጠፍቷል። ሁለተኛ፣ ማዕበሉ ውሃውን እያማሰለ ሕዋሳቱን ወደ ጨለማው ያወርዳቸዋል። ሦስተኛ፣ ከ1986 ወዲህ በሰሜኑ ክፍል አንድ ከእስያ የመጣ ባለሁለት ዛጎል እንስሳ ተስፋፍቶ ውሃውን እያጣራ ፋይቶፕላንክተኑን ይበላዋል።

ብዙ ሰው «ይሄ ሰላጤ ጠንካራ ነው» ብሎ ተማምኖ ነበር። በ2022 በጋ ሄትሮሲግማ አካሺዎ የተባለ የፋይቶፕላንክተን ዝርያ በድንገት ፈላና ዓሣው በገፍ አለቀ። ንጥረ ምግቡ ድሮም እዚያው ነበር። ተከልሎ የቆየውን ነገር እንደሌለ መቁጠር ስህተት ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ተማሪ ነኝ። ተክል ኦክስጅን ይሰጣል ተብለን ተምረናል። ታዲያ ዓሣው በምን ታፈነ?

መልስ፦ ጎበዝ! የተማርሽው ልክ ነው፣ ግን ግማሹ ነው። ኦክስጅኑ የሚመረተው ላይ፣ ብርሃን ባለበት ነው። የሞተው ሲሰምጥ ታች ያሉ ባክቴሪያዎች ያበሰብሱታል፣ ኦክስጅኑንም ይጨርሱታል። በበጋ ላይኛው ውሃ ሞቃትና ቀላል፣ ታችኛው ቀዝቃዛና ጨዋማ ሲሆን፣ ሁለቱ እንደ ዘይትና ውሃ ተደራርበው ይቆማሉ። አዲስ አየር ወደ ታች አይወርድም። ኦክስጅኑ በአንድ ሊትር ከ2 ሚሊግራም በታች ሲሆን ዓሣ ይሸሻል፣ መሸሽ የማይችል ይሞታል። በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ፣ ሚሲሲፒ ወንዝ በሚገባበት አካባቢ፣ በ2017 በጋ ኦክስጅን ያነሰበት ቦታ 22,720 ካሬ ኪሎ ሜትር ደርሶ ነበር።

ጥያቄ፦ ቀይ የሆነ ውሃ ሁሉ መርዝ ነው?

መልስ፦ አይደለም። መርዛማ የሆነውም ሁልጊዜ አይቀላም። በዓይን አይፈረድም፣ ላቦራቶሪ ይጠየቅ።

ጥያቄ፦ ማፍሰሱን ብናቆም ይድናል?

መልስ፦ ይድናል፣ ግን ወደ ነበረበት ይመለሳል ብዬ አልፈርምም። በጃፓን ሴቶ የውስጥ ባሕር በ1972 ቀይ ማዕበል፣ ማለትም ፋይቶፕላንክተን ፈልቶ ውሃውን ሲያቀላው፣ ወደ 14 ሚሊዮን የሚጠጉ የእርባታ ዓሦችን ፈጀ። በዓመቱ ልዩ ሕግ ወጣ፣ ፍሳሹም ተገደበ። ቀይ ማዕበሉ በጊዜ ሂደት በግልጽ ቀነሰ። ከዚያ ደግሞ ሌላ ቅሬታ መጣ። ለምግብ የሚለማው ኖሪ የተባለው የባሕር አረም ቀለሙን እያጣ ነጣ፤ ውሃው ንጥረ ምግብ አነሰበት። በ2021 ሕጉ ተሻሽሎ፣ በተመረጡ ቦታዎች ንጥረ ምግብ በልክ እንዲለቀቅ ተፈቀደ።