«ወደ ፍሬ ነገሩ ይግቡ»

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ከረማችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ስለ መስቀለኛ ጥያቄ ላወራችሁ ነው፤ አንዱ ወገን ያቀረበውን ምስክር ተቃራኒው ወገን ስለሚጠይቀው ጥያቄ ማለቴ ነው።

መብቱ አያከራክርም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20(4) ተከሳሽ የቀረቡበትን ምስክሮች የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። የ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግም ዓላማውን ይነግረናል፤ በዋናው ጥያቄ፣ ማለትም ምስክሩን ያቀረበው ወገን መጀመሪያ ሲጠይቀው፣ ከተሰጠው መልስ ስህተቱን፣ አጠራጣሪውን ወይም ሐሰቱን ለፍርድ ቤቱ ማሳየት ነው። መሪ ጥያቄም፣ መልሱን ራሱ የሚጠቁም ጥያቄ ማለት ነው፣ ይፈቀዳል። ጣጣው የሚመጣው ችሎት ውስጥ ነው።

እስቲ አንድ ባለሱቅ ምስክር አስቡ። «ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ተከሳሹ ሲደባደብ ከሱቄ ሆኜ አየሁ» ብሏል። ጠበቃው ይነሳል።

«ሱቅዎን ስንት ሰዓት ይዘጋሉ?»

«ሁለት ተኩል።»

«እዚያው ነው የሚያድሩት?»

«አዎ።»

«በሩ ምንድን ነው፣ ቆርቆሮ?»

ይሄኔ ዳኛው ይሰለቻሉ። «ጠበቃ፣ ወደ ፍሬ ነገሩ ይግቡ!»

አሁን ጠበቃው ምን ይበል? «በሩ ተዘግቶ ከነበረ በምን አየ ልል ነው» ካለ፣ ምስክሩ እዚያው ቆሞ ይሰማል። «ያን ቀን አምሽቼ ነበር» ለማለት ደቂቃ አይፈጅበትም። ጠበቃው ካላስረዳ ደግሞ ጥያቄው ይታለፋል። ምስክሩን ለአፍታ ውጭ አስቁሞ ጠበቃውን «ወዴት እየሄዱ ነው?» ማለት ይቻላል እኮ!

ዳኛ ዝም ይበል እያልኩ አይደለም። ምስክር ሲሰደብ፣ በመድፈር ክስ የተበዳይዋ ገመና ያለ አግባብ ሲጎረጎር ማስቆም አለበት። መዝገብ ስለበዛ ብቻ መቁረጥ ግን ሌላ ነገር ነው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ጠበቃ የሌለው ተከሳሽ ነው። «መስቀለኛ ጥያቄ አለህ?» ሲባል ዘሎ «ዋሽተሃል! እኔ ያን ቀን ደብረ ብርሃን ነበርኩ!» ይላል።

«ጥያቄ ጠይቅ፣ አትከራከር።»

ሰውዬው ግራ ይገባዋል። የ«በላ ልበልሃ» አገር ልጅ ነው፤ ሙግት ያውቃል፣ መስቀለኛ ጥያቄ ግን ማን አስተማረው? ዝም ይላል። «ጥያቄ የለውም» ተብሎ ይመዘገባል።

ሕጉ እኮ ለትክክለኛ ፍርድ አስፈላጊ መስሎ ከታየው ፍርድ ቤቱ ራሱ በማንኛውም ጊዜ ምስክሩን እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። ስለዚህ ዳኛው ያን ጩኸት ተቀብሎ ወደ ምስክሩ መዞር ይችላል፦ «ተከሳሹ ደብረ ብርሃን ነበርኩ እያለ ነው። ያዩት ሰው እሱ መሆኑን በምን አወቁ? ፊቱን አይተዋል? ከዚያ በፊት ያውቁታል?»

ሦስት ጥያቄ ነው። አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው።